የቋንቋ አምዳችሁ ከጎረቤት ይጀምር

ጤና ይስጥልኝ፣ የዝግጅት ክፍል፤

ስፓኒሽ የምታስተምሩበትን አምድ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተከታትያለሁ። እስካሁን አየር ማረፊያ፣ ሆቴልና ሙዚየም ደርሰናል። እኔ ግን ስፓኒሽ የምማረው ከጎረቤቴ ጋር ለማውራት ነው። በመሃላችን ያለው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው።

ጎረቤቴ የሜክሲኮ ተወላጅ፣ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። አንድ ማታ በሬን አንኳኩተው "ላ ያቤ! ላ ያቤ!" አሉኝ። ያቤ ቁልፍ እንደሆነ አውቅ ነበር። ቁልፍ ጠፍቷቸው ነው ብዬ ደረጃውን በስልኬ መብራት ስፈልግ ቆየሁ። በመጨረሻ እጄን ይዘው ሲያስገቡኝ ወለሉ ላይ ውሃ ተኝቷል። ለካ በእሳቸው አገር የውሃ ቧንቧውም ያቤ ነው! አልዘጋ ብሏቸው ነው የመጡት። ያን ሁሉ ጊዜ በባዶ እግራቸው ቆመው ነበር፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ይኸው ቧንቧ በስፔን "ግሪፎ"፣ በአርጀንቲና "ካኒሻ" ነው። እባካችሁ ቃል ስታወጡ የየት አገር አነጋገር እንደሆነ ጻፉልን።

ከዚያ ወዲህ አስተማሪዬ እሳቸው ሆኑ። ዕቃውን እየጠቆምኩ "ኮሞ ሴ ዲሴ?" እላለሁ፤ ምን ይባላል ማለት ነው። ጠዋት ደረጃ ላይ ስንገናኝ "ኮሞ አማኔሲዮ፣ ቤሲና?" ይሉኛል። ቤሲና ጎረቤቴ እንደማለት ነው። ኮሞ አማኔሲዮ ደግሞ የእኛው "እንዴት አደሩ?" ነው። ቃሉ ራሱ ከንጋት የመጣ ነው፣ ሌሊቱ እንዴት ነጋልዎ እንደማለት። መጀመሪያ ትርጉሙ ሲገባኝ ሆዴ ባባ። የገዛሁት መጽሐፍ ውስጥ ያለው "ቡዌኖስ ዲያስ" ብቻ ነው።

አንቱታም አላቸው፤ "ኡስቴድ" እርስዎ፣ "ቱ" አንተ ወይም አንቺ። "ማኛና" ነገ ማለት ነው፤ ኛ ደግሞ የራሳችን ፊደል ናት። "ፔሮ" "ሮ" ላላ ስትል "ግን" ነው፤ ምላስ ጠንከር ብላ ስትርገበገብ ውሻ ይሆናል። "አለ" የሚለው ቃላችን ሲላላና ሲጠብቅ ትርጉሙ እንደሚለያየው ማለት ነው። ጆሯችን ለዚህ የለመደ ነው፤ ችግሩ ጽሑፋችን ላይ አለመታየቱ ነው። ስለዚህ የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ አድርጉልን።

ለሚቀጥለው ሳምንት "ይፈሳል"፣ "አልዘጋ አለኝ"፣ "ከባድ ነው፣ ልያዝልዎት" የሚሉትን ብታወጡ ደስ ይለኛል። እኔም ደብተሬ ላይ አርባ ያህል ቃላት አሉኝ። ጮክ ብዬ አንብቤላቸው አርመውልኛል። ከፈለጋችሁ እልካለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት አንባቢ