መስመሩ አለ፣ በሩ ግን አዲስ አበባ ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ደብረ ብርሃን ውስጥ የኔትወርክ ሥራ እሠራለሁ። «ሲስተም የለም» የምትለዋ ነገር ከማንም በላይ የሰለቸችኝ እኔን ነው፤ እሷ በተባለች ቁጥር የሚጮኸው የእኔ ስልክ ነዋ።

በቀደም እዚሁ ከተማ ያለ የአንድ ድርጅት ቅርንጫፍ ጠራኝ። ኢንተርኔት ከጠዋት ጀምሮ የለም፣ ባለጉዳዩ ጋቢውን ተከናንቦ ተሰልፏል፣ ሥራ አስኪያጁ «መስመሩ ተበጥሷል» ብለው ደምድመዋል። ራውተሩን፣ መረጃውን ወደየአቅጣጫው የሚመራውን መሣሪያ፣ አየሁት። ደህና ነው። አዲስ አበባ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት ለፒንግ፣ «አለህ ወይ» ለምትለው አጭር መልእክት፣ ይመልሳል፣ የውስጥ ፕሮግራማቸውም ይከፈታል። የጠፋው ኢንተርኔት ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤምፒኤልኤስ የሚባለው መስመር የአንድን ድርጅት ቅርንጫፎች እርስ በርስ ነው የሚያገናኘው። የመስመሩ አቅራቢ ጋ ሲገባ ፓኬቱ (የሚላከው የመረጃ ቁራጭ) ላይ ሌብል የሚባል መለያ ይለጠፍበታል፣ መሃል ያሉት ራውተሮች እሱን ብቻ እያዩ ያሳልፉታል፣ የአንዱ ድርጅት ከሌላው እንዳይቀላቀልም የየራሱ የአድራሻ ሰንጠረዥ ይያዝለታል። ኢንተርኔት ግን ከዚህ ጋር አብሮ አይመጣም። የቅርንጫፉ ራውተር የማያውቀውን አድራሻ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይልካል፣ ዲፎልት ራውት የምንለው ማለት ነው። ያ አቅጣጫ ብዙ ጊዜ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ ፋየርዎሉን፣ የሚገባ የሚወጣውን የሚያጣራውን ጠባቂ፣ አልፎ፣ የውስጥ አድራሻው ተቀይሮ ነው ወደ ውጭ የሚወጣው።

ያን ቀን የዋናው መሥሪያ ቤት የኢንተርኔት መስመር ወድቋል። ራውተራቸው ግን «በእኔ በኩል ውጡ» ማለቱን አልተወም፤ ዲፎልት ራውቱን አንዴ በእጅ ጽፈው ነው የተዉት። የእኛዎቹ ፓኬቶች አዲስ አበባ ድረስ ሄደው እዚያው ቀሩ።

ኢንተርኔቱ ሲዘገይ ደግሞ ርቀቱን የሚያማርሩ አሉ። ርቀት እኮ አይደለም! ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፣ ከዚህ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ ደርሶ መልሱ 2 ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። የሚያዘገየው የሸዋ ሮቢቱም የመሐል ሜዳውም ቅርንጫፍ በአንዲት በር መጋፋቱ ነው።

በዚያው ፋይበር ላይ ለኢንተርኔት የተለየ ቪላን፣ በአንድ ገመድ ላይ ለብቻው የተከለለ መንገድ፣ መጠየቅ ይቻላል። የውስጡ ሥራ በአንዱ ይሄዳል፣ ኢንተርኔቱ በሌላው ይወጣል። ፋየርዎል እዚህም ሊኖር ነው፣ ወጪ አለው፤ አለቆች ይህን ቢፈሩ አልፈርድባቸውም፣ በየቅርንጫፉ የተከፈተ በር ጠባቂ ይፈልጋል። ፋይበሩ ራሱ ከተቆረጠም ሁለቱም አብረው ይቋረጣሉ። ይህ ካልሆነ ቢያንስ የዋናው መሥሪያ ቤት መስመር ሲወድቅ ዲፎልት ራውቱም አብሮ ይሰረዝና ሁለተኛ መውጫ ይረከበው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ ለሥራ አስኪያጁ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ ገመዱ እንዲፈተሽላቸው ማመልከቻ ጻፉ።

አንድ የኔትወርክ ባለሙያ
ከደብረ ብርሃን