ከአሰብ የወጡት መርከቦችና መርከበኞች የት ደረሱ? ለባሕር ኃይል ዋና አዛዥ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ዋና አዛዥ

ክቡር ሆይ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባሕር ኃይል እናቋቁማለን ሲሉ ብዙ ሰው ሳቀ። «ወደብ የሌለው አገር የምን ባሕር ኃይል?» ተባለ። በመጋቢት 2011 ከፈረንሳይ ጋር የመከላከያ ስምምነት ሲፈረም ሳቁ ትንሽ ጋብ አለ። እኔ ግን የምጽፍልዎ ስለ አዲሱ አይደለም። የአሮጌው ነገር ነው ያሳሰበኝ። እሱም ከምሥረታው ይልቅ መጨረሻው፣ ማለትም ከግንቦት 1983 እስከ መስከረም 1989 ያለው ጊዜ።

ጥያቄዬን ሳላስረዝም ልናገር። ከአሰብ የወጡት መርከቦች እያንዳንዳቸው የት እንደደረሱ፣ በላያቸው የነበሩት ሰዎችም ምን እንደሆኑ ተጽፎ ለሕዝብ ይቅረብ። መርከብ በመርከብ፣ ሰው በሰው።

ስለ ምጽዋ ብዙ ተብሏል። በየካቲት 1982 ሻዕቢያ በየብስም፣ በፈጣን ጀልባዎች በባሕርም መጥቶ ከተማዋን ያዘ። ባሕር ኃይሉ ዋና ሰፈሩን አጣ። የተረፈው ወደ አሰብ ዞረ። ስለዚያ ውጊያ በሁለቱም ወገን የተዋጉ ሰዎች ጽፈዋል፣ ተናግረዋል፣ ዛሬም ይከራከራሉ። ከዚያ በኋላ ስላለው ግን ወሬው ድንገት ይቆማል። የዚያ ሁሉ ሰው ታሪክ የውሃ ሽታ ሆኖ የቀረ ይመስላል።

ግንቦት 1983ን ያስታውሱ። በ13 መንግሥቱ ኃይለማርያም አገር ጥለው ሄዱ። በ16 አሥመራ ተያዘች። አሰብም ወዲያው ተከተለች። በ20 አዲስ አበባ። መርከቦቹ ከአሰብ የወጡት በዚያች ሳምንት ነው። አብዛኞቹ ቀይ ባሕርን ተሻግረው የመን ገቡ። ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ጅቡቲ የሄዱም ነበሩ።

አሁን እስቲ የአንዱን መርከብ አዛዥ ቦታ ይያዙ። ያዘዘዎት መንግሥት የለም። መሪው አገር ለቋል። አዲስ አበባ የገባው ኃይል ደግሞ ትናንት ሲዋጉት የነበረው ነው። መርከቡ ላይ የሚውለበለበው ባንዲራ የኢትዮጵያ ነው፣ የቆመበት ውሃ የየመን ነው። ደሞዝ ከማን ይጠየቃል? ናፍጣ ማን ይከፍላል? መሣሪያውን ለማን ያስረክባሉ? ለእንዲህ ያለ ቀን ማንም አያሠለጥንም። ከኢጣሊያው ሊቮርኖ እስከ ሶቪየት ኅብረት ተምረው የመጡ መኮንኖች እዚህ ጥያቄ ላይ ብቻቸውን ቀሩ።

የሚገርመው፣ ባሕር ኃይሉ በዚያ ቀን አልፈረሰም። አዲስ አበባ ላይ መምሪያው በስሙ ነበር፣ መርከቦቹ የመን ወደብ ላይ ነበሩ። ባሕር የሌለው መምሪያና አገር የሌለው መርከብ ለሁለት ዓመት ያህል እንዲሁ ቆዩ።

መርከብ ደግሞ ስለቆመ ብቻ አይጠበቅም። እንዲያውም ቆሞ ነው የሚያልቀው። የጨው ውሃ ቆርቆሮውን ይበላል። ከውሃ ወጥቶ ሆዱ ካልተፋቀና ካልተቀባ ሞተሩ ደህና ቢሆን እንኳ ዋጋ የለውም። መለዋወጫው የባሰ ችግር ነበር። ከ1970 በኋላ የመጡት ሚሳይል ተሸካሚዎች፣ የቶርፔዶ ጀልባዎችና ፍሪጌቶች የሶቪየት ሥሪት ናቸው። ሶቪየት ኅብረት ራሷ በታኅሣሥ 1984 ፈረሰች። ዕቃው ከማን ይጠየቅ? በምን ገንዘብ?

ስለ አንዷ መርከብ ብቻ ትንሽ ልቆይ። «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር፤ መለያዋ ኤ-01። አሜሪካኖች የሠሯት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ያኔ ስሟ ኦርካ ነበር። ፓስፊክ ላይ የባሕር አውሮፕላኖችን ስትደግፍ ዋለች። በ1954 ዓ.ም. ወደኛ መጣች፣ የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብም ሆነች። ዕጩ መኮንኖች ባሕርን የለመዱት በእሷ ላይ ነው። ንጉሡ በየዓመቱ ምጽዋ ላይ በሚያከብሩት የባሕር ኃይል ቀን የውጭ አገር የጦር መርከቦች ሲመጡ ባለቤቷ ሆና የምትቀበላቸው እሷ ነበረች። የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ የነበሩት ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ በኅዳር 1967 ያለ ፍርድ ከተገደሉት ስድሳ ሰዎች አንዱ ሆኑ። እሷ ግን ቀጠለች፤ አለቃ ተቀየረ፣ ርዕዮተ ዓለም ተቀየረ፣ መርከቧ ያችው ናት። በ1983 የመን ገባች። ሁለት ዓመት ያህል እዚያ ቆማ በፈረንጆቹ 1993 ለውዳቂ ብረት ተሸጠች። የአገሪቱን ስም የተሸከመች መርከብ በኪሎ ሄደች። ማን ፈረመ? ገንዘቡ የት ገባ? ደወሏስ? የጉዞ መዝገቧስ? አንድ ሰው ቢያንስ መሪዋን ነቅሎ አላስቀመጠም?

በዚያው በፈረንጆቹ 1993 የመን «በቃ፣ ውጡልኝ» አለች። በዚያ ዓመት የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ ነበር፤ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ እንደሌላት በሕግም ያለቀለት ነገር ሆነ። ያልበሰበሱት መርከቦች ወደ ጅቡቲ ተሻገሩ። የቀሩት እዚያው ቀሩ።

ጅቡቲ ላይ የገደላቸው ጠላት አይደለም። የወደብ ክፍያ ነው። ዕዳው ተጠራቀመ፣ አልተከፈለም፣ ጅቡቲ መርከቦቹን ያዘች። መስከረም 6 ቀን 1989 ለሐራጅ ቀረቡ። ኤርትራ 16ቱን ለመግዛት ፍላጎት አሳይታ ነበር። ነገሩ ፖለቲካ እንዳይሆን ተብሎ በአራት ተወሰነች፦ አንድ የኦሳ ዓይነት ሚሳይል ተሸካሚና ሦስት አሜሪካ ሠራሽ የጥበቃ ጀልባዎች። የቀሩት ተቆራርጠው ተሸጡ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ባድመ ላይ ጦርነት ተነሳ። እኛ ያልከፈልነው የወደብ ሒሳብ ለጎረቤት ባሕር ኃይል መነሻ ሆነ ማለት ነው። ይህን ስጽፍ ማንንም ለመክሰስ አይደለም። የያኔው መንግሥት ድሃ አገር ነው የተረከበው፤ ባሕር የሌለው አገር ለመርከብ ገንዘብ ባያወጣም ሊገባን ይችላል። የማይገባኝ ውሳኔው የት እንደተጻፈ አለመነገሩ ነው። ዕዳው ስንት ነበር? ለመክፈል ተሞክሯል? መርከቦቹ ለንግድ መርከብ ድርጅታችን ወይም ለጣና እንኳ የሚሆን ዕቃ አልነበራቸውም?

ብረቱስ ብረት ነው። የሚብሰኝ የሰዎቹ ነገር ነው።

ከባሕረኞቹ ብዙዎች ከነቤተሰባቸው የመን ውስጥ ስደተኛ ሆነው ቀሩ። ትናንት ራዳር ያነበበ ሰው ዛሬ የስደተኛ ካርድ ይዞ ይሰለፋል። በፈረንጆቹ 1994 የመን ራሷ ሰሜንና ደቡብ ሆና ተዋጋች፤ እነሱም መሃል ነበሩ። በየካቲት 1992 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ከ1983 በፊት በነበረው ምክንያት ለተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ይሰጥ የነበረው ከለላ አብቅቷል አለ። ምክንያቱ አልፏል፣ አገራችሁ መግባት ትችላላችሁ ነው ነገሩ። ግን ወደ ምን? ባሕር ኃይሉ የለም፣ የቀድሞው ሠራዊት ተበትኗል፣ ልጆቹ ዓረብኛ ነው የሚናገሩት። በፈረንጆቹ 2015 በየመን ሌላ ጦርነት መጣ። የቀረ ካለ ያንንም አይቷል።

አንድ የሩቅ አገር ነገር ልጨምር። በፈረንጆቹ 1920፣ በሩሲያ የእርስ በርስ ጦርነት በቦልሼቪኮች የተሸነፈው «ነጭ» የሚባለው ወገን የጥቁር ባሕር መርከቦች ከክራይሚያ ሸሽተው ቱኒዚያ፣ ቢዘርት ወደብ ገቡ። ሰዎቹ ለዓመታት መርከቦቹ ላይ ኖሩ። ፈረንሳይ በ1924 የሶቪየትን መንግሥት ስታውቅ ባንዲራቸውን አወረዱ። መርከቦቹ እንደኛዎቹ ብረት ሆነው ተሸጡ። ሰዎቹ ግን የመርከቦቹ መታሰቢያ የሚሆን ቤተ ክርስቲያን እዚያው ሠሩ። በልጅነቷ ከአባቷ ጋር የተሰደደች አናስታሲያ ሺሪንስካያ የምትባል ሴት ደግሞ በፈረንጆቹ 2009 እስክትሞት ድረስ ታሪኩን ጠበቀች። ቢዘርት አደባባይ በስሟ ሰይማለች። እነሱ መንግሥት አልነበራቸውም። የእኛዎቹ ግን መንግሥት አላቸው፤ የባሕር ኃይላቸውም ስም ተመልሶ ቢሮ ተከፍቶለታል።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚበላ አይደለም። የጅቡቲው ሐራጅ ፋይል አለ፤ ገዢ፣ ዋጋና ዝርዝር ሳይኖረው ሐራጅ አይካሄድም። በኤምባሲዎቻችን በኩል የጅቡቲንም የየመንንም ወረቀት መጠየቅ ይቻላል፤ የየመኑ በጦርነት ተጎድቶ ሊሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ቢጠየቅ ጥሩ ነው። በመከላከያ መዝገብ ቤት ያለው የደሞዝና የምድብ ዝርዝር የማን ስም በየትኛው መርከብ ላይ እንደነበር ይናገራል። ከ1983 በኋላ በየመንና በጅቡቲ መርከብ ሲጠብቁ የቆዩ ሰዎች ያ ጊዜ በአገልግሎት ዘመናቸው ታስቦላቸው ከሆነ ይገለጽ። ካልታሰበላቸው ጡረታቸው ይታይ። ለሞቱት ሚስቶችና ልጆች አሏቸው።

ከሁሉም በፊት ግን ሰዎቹን ያናግሯቸው። በ1983 የ40 ዓመት መኮንን የነበረ ሰው ዛሬ ከሰባ አምስት አይተናነስም። ወረቀቱ መደርደሪያ ላይ ጥቂት ዓመት ይቆያል፣ እነሱ አይቆዩም። መቅጃ የያዙ ሁለት ወጣት መኮንኖች ቢመደቡ ይበቃል። አዲስ አበባ ያሉትን፣ ቢሾፍቱ ያሉትን፣ ውጭ አገር ያሉትን በስልክ ያግኟቸው። ከአሰብ የወጡበትን ሌሊት፣ ማን እንዳዘዘና ማን እምቢ እንዳለ፣ ማን ወደ ኋላ እንደቀረ ይጠይቋቸው። ዛሬ የሚያሠለጥኗቸው ልጆች የሚማሩበት የመጀመሪያው ኮርስ ይህ ቢሆን አይከፋም።

መልስዎን በግል አልጠብቅም። መዝገቡ ከወጣ ለሁላችንም ይደርሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ዜጋ