ስልኩን ከመንጠቃችሁ በፊት

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ልጆችን ከኢንተርኔት አደጋ ስለመጠበቅ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው። አንድ ምክሩ ግን አልተዋጠልኝም፦ «ልጁ ካጠፋ ስልኩን ውሰዱበት» የሚለው።

ልጅን በፎቶው አስፈራርቶ ገንዘብ የመጠየቅ ወንጀል እንዴት እንደሚጀምር እንይ። የማይታወቅ ሰው በጌም ወይም በኢንስታግራም ይቀርባል። እኩያ ነኝ ይላል፣ ያሞጋግሳል። ብዙም ሳይቆይ «ቴሌግራም ላይ እናውራ» ይላል። ቀጥሎ ፎቶ ይለምናል። ፎቶው እጁ የገባ ቀን ሌላ ሰው ይሆናል፦ «ገንዘብ ላክ፣ አለዚያ ለምታውቃቸው ሁሉ እበትነዋለሁ።» የልጁን ጓደኞች ስም ዝርዝር ስክሪንሾት አድርጎ ያሳየዋል።

ይህ የሴት ልጆች ጣጣ ብቻ የሚመስለው ወላጅ ብዙ ነው። ገንዘብ የሚጠየቅበት ዓይነቱ ግን በአብዛኛው የሚያጠምደው ከ14 እስከ 17 ዓመት ያሉ ወንዶችን እንደሆነ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ደጋግሞ አስጠንቅቋል።

አስፈራሪው የሚተማመነው በልጁ ዝምታ ነው። ልጁ ዝም የሚለው ደግሞ ምን እንደሚጠብቀው ስለሚያውቅ ነው፤ ቁጣ፣ ከዚያ ስልኩ መነጠቅ። ስለዚህ አንዳች ነገር ሳይፈጠር፣ በሰላሙ ጊዜ እንዲህ ልንለው ይገባል፦ «ምንም ነገር ብታደርግ መጥተህ ከነገርከኝ ስልክህን አልወስድብህም።» ቃላችንንም መጠበቅ አለብን። ይሄኛው ነው የሚከብደው።

ችግሩ ከመጣስ? ገንዘብ አለመላክ። የከፈለን ሰው እንደገና ይጠይቁታል። መልእክቶቹን አለማጥፋት፣ ምክንያቱም ማስረጃ ናቸው። ስክሪንሾት ወስዶ ሰውየውን ብሎክ ማድረግ፣ ለመተግበሪያውና ለፖሊስ ማመልከት። ከ18 ዓመት በታች ሳሉ ለተነሱ የእርቃን ፎቶዎች «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። ፎቶው ራሱ ከስልኩ አይወጣም። የፎቶው ዲጂታል አሻራ (ፎቶውን የሚለይ ኮድ) ብቻ ተወስዶ ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ቲክቶክን ለመሳሰሉ አገልግሎቶች ይሰጣል፤ እነሱም ፎቶውን ገጻቸው ላይ ካገኙት ያነሱታል። ሁሉም ቦታ ይሠራል ማለት አይደለም። ሰዎች በግል በተመሰጠረ (ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም በማያነበው) መልእክት የሚላላኩትን አይደርስበትም።

ጽሑፋችሁ የዘለለው ሌላ ነገር የትውልድ ዓመት ነው። አብዛኞቹ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ከ13 ዓመት በታች አይቀበሉም። ልጁ ሲያለቅስ ታዲያ ዕድሜው ላይ ዓመት ጨምሮ አካውንት የሚከፍትለት ማነው? ብዙ ጊዜ አባት ወይም እናት ነው፤ እንተዋወቃለን። ግን የመተግበሪያዎቹ መከላከያ የሚሠራው በተመዘገበው የትውልድ ዓመት መሠረት ነው። ቲክቶክ ከ16 ዓመት በታች ላሉት የግል መልእክት ጨርሶ አይፈቅድም። ኢንስታግራም ከ2024 ጀምሮ የታዳጊዎችን አካውንት ከመነሻው ዝግ (ከተፈቀደለት ተከታይ በቀር ሌላው የማያየው) ያደርጋል፤ ከ16 በታች ያለው ይህን ለማላላት የወላጅ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በወረቀት 25 ዓመት የሞላው የ12 ዓመት ልጅ ግን ከዚህ አንዱንም አያገኝም።

አውስትራሊያ ከዲሴምበር 2025 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉትን ከዋና ዋናዎቹ ማኅበራዊ ሚዲያዎች አግዳለች። ይበጃል አይበጅም የሚለው ክርክር ይቆየን። እገዳ ባለበትም ቢሆን ሾልኮ የገባ ልጅ ችግር ሲገጥመው ለመናገር ይበልጥ ይፈራል።

በሚቀጥለው እትማችሁ የልጅን አካውንት የትውልድ ዓመት እንዴት ማስተካከል እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ ብታሳዩን ብዙ ወላጅ ይጠቀማል።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ