ሲንጀሩን ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ጓሮዬ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ያረጁ የእግር ስፌት መኪናዎችን እጠግናለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሰሞኑን ያየሁት ነገር ስላንገበገበኝ ነው።

አንድ ቆራሌው ጋሪው ላይ ከተጨማደደ ድስትና ከተሰበረ ወንበር ጋር የሲንጀር ስፌት መኪና ራስ ጭኖ አየሁ። ራሱ ብቻ ነው። «እግሩስ?» አልኩት። ለካፌ ጠረጴዛ ተሽጧል አለኝ። ራሱ ደግሞ «ደርቋል፣ አይዞርም» ተብሎ በኪሎ ሒሳብ ተሰጥቶታል። እኔም በኪሎ ገዛሁትና ወደ ቤት ወሰድኩት። አቧራውን ጠርጌ መለያ ቁጥሩን ሳየው በእንግሊዝኛው ዋይ (Y) ፊደል ይጀምራል። በዋይ የሚጀምሩት ስኮትላንድ ውስጥ፣ ክላይድባንክ በሚባል ከተማ በነበረው የሲንጀር ፋብሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ30ዎቹ የተሠሩ ናቸው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1980 ተዘግቷል። መኪናው ግን በአራተኛው ቀን ዞረ።

ምን ሠራሁለት? ብዙም አልሠራሁም። ሰው ዝገት ይመስለዋል እንጂ እኔ ጋ ከሚመጡት አብዛኞቹን ያጣበቃቸው የምግብ ዘይት ነው። የስፌት መኪና ዘይት ሲጠፋ ከወጥ ቤት የኑግ ዘይት ተወስዶ ይንጠባጠብበታል። የኑግ ዘይት ደግሞ አየር ሲያገኘው እየወፈረ፣ እየቆየም እንደ ቫርኒሽ ይደርቃል። በዚያ ላይ የእኛ ከተማ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ የጠዋቱን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ማታ እየተንቀራፈፈም ቢሆን ይዞር የነበረ መኪና ጠዋት ጭራሽ እምቢ ይላል። ባለቤቱም ሞተ ብሎ ይፈርድበታል።

መድኃኒቱ ነጭ ጋዝና ትዕግሥት ነው። ዘይት በሚገባባቸው ቀዳዳዎች ሁሉና ብረት ከብረት በሚተሻሽበት ቦታ ነጭ ጋዝ አንጠባጥባለሁ፣ ፀሐይ ላይ አውለዋለሁ፣ የእጅ ጎማውን ሳላስገድድ ወዲህና ወዲያ እነቀንቃለሁ። በማግስቱም እንደዚያው። (እሳት አጠገብ እንዳታደርጉት፣ አደራ።) መላወስ ሲጀምር የወጣውን ጥቁር እድፍ በጨርቅ ጠርጌ ትክክለኛውን ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት እሰጠዋለሁ። ነጭ ጋዙ ያጥባል እንጂ አያለሰልስም፣ ስለዚህ ዘይቱ መቅረት የለበትም። ወርቃማ ጌጡን ደግሞ በአልኮል አትጥረጉት። የድሮዎቹ ቅባቸው አልኮል የሚያሟሟው ዓይነት ስለሆነ ጌጡ ከጨርቁ ጋር ተላጦ ይመጣል።

መዶሻ ግን በፍጹም! እናቴ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋች ያሳደገችን በእግር መኪና ነው። አንድ ቀን ሲጣበቅባት አንድ ጠጋኝ ጋ ወሰደችው። ሰውዬው በመዶሻ ሊያላቅቀው ሞከረና አካሉን ሰነጠቀው። አካሉ የተሠራበት ጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት፣ እኮ ሲመቱት አይጎብጥም፣ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ በተራ ብየዳ ማዳኑም ከባድ ነው። እናቴ መኪናውን ጨርቅ አልብሳ ጥግ አስቀመጠችው። ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ። ዛሬ የሰው መኪና ስከፍት ካቻቢቴዬን ቀስ አድርጌ የማዞረው እሷን እያሰብኩ ነው።

ሌላው ደግሞ ጨርሶ ያልተበላሸውም ይጣላል። ክር እየበጠሰ፣ ስፌት እየዘለለ ሲያስቸግር አረጀ ይባላል። በመጀመሪያ መርፌውን እዩት። መርፌ በአንድ ጎኑ ረጅም ቦይ አለው፤ ክሩ መግባት ያለበት በዚያ በኩል ነው። ተገልብጦ ከተሰካ አዲስ መኪናም አይሰፋም። ቀጥሎ ፔዳሉን እንዴት እንደምትረግጡ እዩ፤ የእጅ ጎማው ከላይ ወደ እናንተ ካልዞረ ክሩ ይተበተባል። ጎማውን የሚያዞረው ቆዳ ከላላ ደግሞ ጠፍሩን ትንሽ ቆርጦ ማሳጠር ነው፤ እኔ ጫማ ሰፊዎች ጋ ሄጄ አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ጠፍር አስቆርጣለሁ። በጣም ከከረረም እግር ያደክማል።

አምና አንዲት እናት ከመሐል ሜዳ በአውቶቡስ አስጭነው አንድ መኪና አመጡልኝ። እሳቸው ደርቋል ያሉት መርፌው ተገልብጦ፣ የታችኛው ክር በሚጠቀለልበት ቦቢን ሥር የክር ጉድፍ ተጠቅጥቆበት ነው። አንድ ሰዓት አልፈጀም። አሁን የብርድ ልብስ ጠርዝና የሰው ሱሪ ይሰፉበታል፣ መብራት ጠፋ አልጠፋ ጉዳያቸው አይደለም። አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ይግዙ ቢባሉ ከየት ያመጣሉ?

ዝግጅት ክፍሉን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ለቤት ሙያ በምትሰጡት ገጽ ላይ ስለነዚህ መኪናዎች አያያዝ በሥዕል አስደግፋችሁ አንድ ጽሑፍ አውጡ። የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኞችም ያንብቡት፤ ልብስ ስፌት የሚማሩት ልጆች መስፋቱን እንጂ መኪናውን መፍታት ሲማሩ አላየሁም። መጥቶ ማየት ለሚፈልግ ልጅ የእኔ በር ክፍት ነው።

የካፌ ባለቤቶች፣ ጠረጴዛ ያደረጋችሁት እግር ፔዳሉና ትልቁ ጎማው ካልተቆረጠ መልሳችሁ ሽጡልኝ። በኪሎ የገዛሁት ራስ አሁን እንደ ልቡ ይዞራል፤ የጎደለው እግር ብቻ ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ ከደብረ ብርሃን