አባባ፣ ጎማውን ነክቼ ነበር

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎንስ ተሻለዎት? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ከናፍቆትዎ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። በስልክ ልነግርዎት ስል መስመሩ ይቆራረጣል፣ "ሃሎ፣ ሃሎ" ስንባባል እርስዎ "ይበቃል፣ ገንዘብሽን አትጨርሺ" ብለው ይዘጋሉ። ስለዚህ ጻፍኩት። የእህቴ ልጅ ቀስ ብላ ታንብብልዎ። አንቺም ልጄ፣ የመኪናው ወሬ ሲመጣ እንዳትዘልዪው፤ አባባ የሚፈልጉት እሱን ነው።

"ቤት እያላችሁ ሜዳ ላይ ታድራላችሁ? ያውም ከፍላችሁ?" ብለው የሳቁብኝን አልረሳሁም። አዎ፣ ከፍለን ነው። እዚህ ካምፒንግ ይሉታል። የባለቤቴ እህት ሎስ አንጀለስ ናት፤ ከምንኖርበት፣ ዋሽንግተን አጠገብ ካለው ሲልቨር ስፕሪንግ በአውሮፕላን ብንሄድ ከአምስት ስድስት ሰዓት አይበልጥም ነበር። እኛ ግን የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስደን በመኪና ወጣን፤ 4,300 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከአዲስ አበባ አሰብ አምስት ጊዜ እንደ መሄድ ይቁጠሩት።

እኛም እንደ እርስዎ ከባድ መኪና ተሳቢ ነበረን ብልዎት ይስቃሉ። ከመኪናችን ኋላ የምትታሰር፣ ሲዘረጉት አልጋ ያለው ድንኳን የሚወጣት ትንሽ ጋሪ ነገር ተከራየን። ስንቁን በእርስዎ ልክ አሰናዳሁ፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ሁለት ከረጢት ድርቆሽ። ጀበናዋን በልብስ ጠቅልዬ ከወንበሬ ሥር አደረግኋት፤ ሳትሰበር ተመልሳለች።

ባልቲሞር ላይ፣ ሰባ ቁጥር መንገድ ሲጀመር የርቀት ሰሌዳ አለ። ከሌሎቹ ከተሞች በታች "ኮቭ ፎርት 2,200" ይላል፤ በማይል ነው። ትልቁ ልጄ ማን እንደሚኖርበት ጠየቀኝ፤ ማንም አያውቀውም። መንገዱ ዩታ ውስጥ የሚያልቅበት፣ እ.ኤ.አ. በ1867 በድንጋይ የተሠራ ትንሽ ምሽግ ነው። ያን ምሽግ እስክንደርስበት ድረስ "ኮቭ ፎርት ስንት ቀረው?" እያለ አደረቀኝ። እኔም ጋቢና ውስጥ ሆኜ "አሰብ ስንት ቀረው?" እያልኩ እንዳደረቅኩዎት ትዝ አለኝ።

ኦሃዮን፣ ኢንዲያናን፣ ሚዙሪን አልፈን ካንሳስ ገባን። ካንሳስን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ 680 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ስንዴና ሰማይ ብቻ። ባለቤቴ ቤንዚኑ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅ ግራ ገባው። ሜዳ መስሎ ዳገት ነው አባባ! ከምሥራቁ ጫፍ እስከ ምዕራቡ ሳይታወቅ ወደ አንድ ሺህ ሜትር ይወጣል፤ በዚያ ላይ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው። ዊልሰን ከሚባለው ሐይቅ ዳር ያደርን ሌሊት ባለቤቴ የልጆቹን ድንኳን ካስማ ይመታል፣ ነፋሱ ይነቅለዋል። እስኪነጋ አልተኛንም፤ ትንሿ ብቻ ተኛች።

ዴንቨር አጠገብ አውሮራ የእኛ ሰው ብዙ ነው፣ እንጀራ ገዛን። ናፍጣ ሲቀዳ ያገኘነው የከባድ መኪና ሹፌር የአገር ልጅ ሆኖ፣ አባቴ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበሩ ስለው ኮፍያውን አነሳ። ተራራው ላይ ያደርን ዕለት ደግሞ የፓርኩ ጠባቂ መጥታ ምግባችንን ሁሉ ብረት ሣጥን ውስጥ አስቆለፈችን፤ ቋንጣውን፣ በርበሬውን፣ የልጆቹን የጥርስ ሳሙና ሳይቀር። ድብ ሽታውን ተከትሎ ይመጣል አለች። እርስዎ በጅብ ነበር የሚያስፈራሩኝ።

ከዚያ አይዘንሃወር የሚባለው ዋሻ ነው፤ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የተከፈተ። ጣርማ በርን አስታወሰኝ፤ ብርዱም ያው ነው። ግን ልነግርዎት የፈለግሁት ከዋሻው ሲወጡ ያለውን ነው። ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ በመንገዱ ጎን ወደ ላይ የሚወጣ የጠጠር መንገድ ሠርተዋል። ፍሬን የበጠሰ ከባድ መኪና ወደዚያ ይገባል፣ ጠጠሩ ጎማውን ይውጠውና ያቆመዋል። መኪናውን ዳር አስይዤ ለልጆቹ አሳየኋቸው። አያታችሁ ይህ አልነበራቸውም አልኳቸው።

ያን ጊዜ ነው የ1986 ክረምት የመጣብኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እማማን ሦስት ቀን ለምኜ፣ በከባድ መኪናዎ በኤንትሬዋ ጋቢና በእርስዎና በረዳትዎ መሃል ተቀምጬ ከኮምቦልቻ ተነሣን። ከባቲ ወደ ሚሌ ስንወርድ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። እርስዎ ምንም ሳይናገሩ ማርሽ እየቀነሱ፣ እየቀነሱ ዳር አስያዟት። ረዳቱ ታኮ ይዞ ዘለለ። ከዚያ እርስዎ በእጅዎ ጀርባ እያንዳንዱን ጎማ እየነኩ ዞሩ፤ የተሳቢው ጋ ሲደርሱ እጅዎን ነጠቁ። ረዳቱ ጀሪካን ሲያነሣ "ውሃ እንዳታስነካው! የፍሬኑ ታምቡር ይሰነጠቃል!" ብለው የጮኹትን እስካሁን እሰማዋለሁ።

የዚያን ሌሊት ተሳቢው ሥር ሰሌን ላይ አስተኙኝ። ከፔርሙዙ ሻይ ሲቀዱ ግማሹ ከብርጭቆው ውጭ ፈሰሰ። እጅዎ ይንቀጠቀጥ ነበር። የተኛሁ መስሎዎት ነው፤ አልተኛሁም ነበር አባባ።

በቀጣዩ ክረምት ስጠይቅዎ "መንገዱ ለልጅ አይሆንም" ብለው ዘጉት። በ1990 ደግሞ የአሰብ መንገድ ራሱ ተዘጋና እርስዎም ወደ ጋላፊ፣ ወደ ጅቡቲ ዞሩ። እኔ ግን ብዙ ዓመት ጥፋት ያጠፋሁ መስሎኝ ነበር፤ ጋቢና ውስጥ ወሬ አበዛሁባቸው፣ አስጠላኋቸው ብዬ። ይህን ነግሬዎት አላውቅም።

ዩታ ውስጥ ግሪን ሪቨር የምትባል፣ በሐብሐቧ የታወቀች ትንሽ ከተማ አለች። ከእሷ በኋላ እስከ ሳላይና 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳጅ የለም፣ ጋራዥ የለም፣ ቤት የለም፤ ድንጋይና ገደል ነው። እዚያ ለነዳጅ ቆምን። እኔ ከቤት ከወጣን ጀምሮ በቆምንበት ሁሉ እየዞርኩ ጎማ እነካለሁ፤ ባለቤቴ "የኮምቦልቻዋ መካኒክ" እያለ ይቀልድብኛል። የመኪናችን አራቱም ደህና። የተሳቢዋ ግራ ጎማ ደህና። የቀኙ ግን እንደ ምጣድ ነው፤ የእጄ ጀርባ ላይ አሁንም ምልክቱ አለ። ባለቤቴ የውሃ ጠርሙስ ይዞ ሲሮጥ "ውሃ እንዳታስነካው!" ብዬ ጮኽኩ። ድምፁ የእኔ አልነበረም። ልጆቹ ደነገጡ።

መካኒክ ፈልገን አስከፈትነው። ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ግራሶ የሚባል ነገር የለውም፣ ደርቆ ሊበተን ነው። ያከራዩን ሰዎች ሁሉም ተፈትሿል ብለው ፈርመው ነበር የሰጡን። አዲሱ ኩሽኔታ እስኪመጣ ወንዙ ዳር አደርን፣ ሐብሐብ በላን። ልጆቹ ደስ ብሏቸው ውሃ ሲራጩ እኔ የማስበው ያን ገደል ነበር። ማታ ቡና ስቀዳ ከሲኒው ውጭ ፈሰሰብኝ። ትልቁ አየኝና "እማዬ፣ በረደሽ እንዴ?" አለ። አዎ አልኩት። ሙቀቱ ከሠላሳ በላይ ነበር።

ያን ሌሊት ተነሥቼ ብጠይቅዎ እርስዎም ብርድ ነው ይሉኝ ነበር።

የቀረው ወሬ አጭር ነው። ኮቭ ፎርት ደረስን፤ ልጁ "ይኸው ነው?" አለ። ላስ ቬጋስ እንደ ሰመራ ይፈጃል፤ ሳንወርድ አለፍን። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ትንሿ ኢትዮጵያ ብለው በሰየሙት ሰፈር ሽሮ በላን፤ በማግስቱ ልጆቹን ባሕር አሳየናቸው። ትንሿ ውሃውን ቀምሳ ፊቷን ስታጨማድድ አሰብ ላይ እኔን ያስቀመሱኝ ትዝ አለኝ።

የሚቀጥለው እሑድ ስደውል ካርዱን አይቁጠሩብኝ። የሚሌውን ሌሊት ከእርስዎ አፍ መስማት እፈልጋለሁ፤ ትልቁም አጠገቤ ይቀመጣል። ትላንት እንጀራ ልንገዛ ወጥተን፣ አሥር ደቂቃ እንኳ ሳንነዳ፣ ከመኪናው ወርዶ አራቱንም ጎማ በእጁ ጀርባ ነካና "ቀዝቃዛ ነው፣ ግቢ" አለኝ።

ልጅዎ