የጥብስ ሳንድዊች ነገር

ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው "ባሕር ዳር ውስጥ የትኛው ቤት ያለው የጥብስ ሳንድዊች ይሻላል?" ብላችሁ ስትጨቃጨቁ ዝም ያልኩት ሳልቀምስ መፍረድ ስላልፈለግኩ ነው። አሁን ቀምሻለሁ። ረቡዕና አርብን ዘልዬ፣ ሦስት ቤት።

ፔዳ አካባቢ ያለው ዋጋው ለተማሪ ኪስ ነው። ዳቦው ትልቅ ነው፣ ሥጋው ግን በፍለጋ ነው የሚገኘው። በቃ።

ጊዮርጊስ አካባቢ ያለችው ትንሽ ቤት ግን ሌላ ናት። ቆሜ አየሁ። ልጅቷ ሽንጡን ስስ አድርጋ፣ ክሩን አቋርጣ ትቆርጠዋለች። መጥበሻው በደንብ እስኪግል ትጠብቅና ሥጋውን ትንሽ ትንሽ እያደረገች ትጨምራለች። ባንዴ ከበዛ ውሃ ያወጣና ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ቃሪያና የጥብስ ቅጠል መጨረሻ ላይ ይገባሉ። ከዛ ዳቦውን ገምሳ መጥበሻው ላይ ትደፋዋለች፤ የቀረውን ቅቤ ጠጥቶ ይነሳል። አዋዜው ከጎን ነው። ሁለተኛ አዘዝኩ፣ አልዋሽም።

ጣና ዳር ያለው ሦስተኛው ቤት የሚሸጠው ነፋሱን ነው። ሳንድዊቹ በማዮኔዝ ተለቅልቆ፣ ቀዝቅዞ መጣ። አስተናጋጁን "ወንድሜ፣ አሙቅልኝ" ስለው ማይክሮዌቭ ውስጥ ከቶ የጫማ ሶል አድርጎ መለሰልኝ። እዛ ከሄዳችሁ ዓሣ ብሉ።

ቅዳሜ ለምሳ ጊዮርጊስ አደባባይ እንገናኝ። የምትመጡ ቀድማችሁ አሳውቁኝ፤ ልጅቷ ዳቦ ቶሎ ያልቅባታል። ዓባይ ማዶ ያላችሁ፣ "እኛ ጋ ይበልጣል" የምትሉት ቤት ካለ ጠቁሙኝ።