አየር ላይ ፊደል ለሚጽፉ የጅማ ልጆች እጃችሁን ዘርጉ

ሰላም የጅማ ልጆች፣ እዚሁ ያላችሁም፣ አዲስ አበባ የገባችሁም፣ ባሕር ማዶ የተሻገራችሁም! ዛሬ የምለምናችሁ ነገር አለ። ረዘም ቢልም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

በዚህ ክረምት ሂርማታ አካባቢ ለሚኖሩ 30 ልጆች የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ልንጀምር ነው። ክፍሉን የሰፈሩ እድር በነፃ ሰጥቶናል፤ የምናስተምረውም ያለ ክፍያ ነው። የጎደለን ዕቃ ነው።

ልጆቹ የሚሠሩት አንድ ቀላል መጫወቻ ነው። አንድ እጀታ ላይ 8 ትንንሽ ኤልኢዲ መብራቶች በአንድ መስመር ይደረደራሉ፣ በቃ። ጨለማ ውስጥ ይዘህ ስታወዛውዘው ግን አየር ላይ ጽሑፍ ይነበባል። ዓይናችን ያየው ብርሃን ከጠፋ በኋላም ለቅጽበት አብሮን ይቆያል፤ የቡሄን ችቦ ያወዛወዘ ሁሉ ያውቀዋል፣ እሳቱ አንድ ቦታ ላይ እያለ የሚታየን ረጅም ቀይ መስመር ነው። መጫወቻውም የሚሠራው በዚሁ ነው፦ በየ2 ሚሊሰከንዱ መብራቶቹ ይቀያየራሉ፣ እጅህ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የፊደሉ አንድ አንድ ቋሚ መስመር አየር ላይ ይቀራል፣ ዓይንህ ደግሞ ገጣጥሞ ያነበዋል።

እኔን በጣም የሚያስደስተኝ የፊደሉ ሥራ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ካሬ ደብተር ላይ ካሬዎቹን እያጠቆሩ ፊደል ይሠራሉ። «በ»ን እንውሰድ። የመጀመሪያው ቋሚ መስመር ላይ 8ቱም ይበራሉ፤ ቀጥሎ ባሉት ሦስት መስመሮች የላይኛው መብራት ብቻ፤ በመጨረሻው እንደገና 8ቱም። «ባ» ለማድረግ ከግራ እግሩ የታችኞቹን ሁለቱን ታጠፋለህ። «ቡ» ከፈለግክ መሐል ላይ በቀኝ በኩል አንድ ነጥብ ትጨምራለህ። ከዚያ ያጠቆሩት ካሬ 1፣ የተዉት 0 ሆኖ ኮምፒውተር ላይ ይጻፋል። ፕሮግራም መጻፍ የሚባለውን ነገር ልጅ በዚህ መንገድ ሲጀምረው አይፈራውም። በቁቤ ለሚጽፉትማ ይቀላል፤ ለላቲን ፊደል ቁመቱ 7፣ ስፋቱ 5 ነጥብ ይበቃል። ሁለቱንም እናሠራለን፣ ጅማ ነው ያለነው።

ተገጣጥሞ የመጣ ሮቦት ብታሳዩአቸው አይሻልም ወይ ያሉኝ ሰዎች አሉ። እኔ አይመስለኝም። እዚህ ላይ የተበላሸው ነገር ራሱ ይናገራል። የላይኛው መብራት ካልበራ «በ» ሁለት ዘንግ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ልጁ የትኛው መብራት እንደሆነ ወዲያው ያውቃል፣ ገልብጦ ያያል፣ የመብራቱ ረጅም እግር ፖዘቲቭ መሆኑን ረስቶ አዟዙሮ አስገብቶት ከሆነ ይደርስበታል። ደግሞ እጁን ሲመልስ ጽሑፉ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይመጣል፤ ይህን እንዴት እናስተካክለው ብሎ ማሰብ ራሱ አንድ ቀን ሙሉ የሚያስተምር ነገር ነው።

ወደ ልመናው ልግባ። አንድ መጫወቻ ለሁለት ልጅ ነው፣ ስለዚህ 15 እንሠራለን። 15 አርዱይኖ ናኖ፣ ማለትም መብራቶቹን የሚያዝ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ ያስፈልገናል፣ ትልቁ ወጪ እሱ ነው። 120 ቀይ ኤልኢዲና ያን ያህል ባለ 220 ኦም ሬዚስተር (መብራቱ እንዳይቃጠል ኤሌክትሪኩን የሚገድብ)፣ ሲቃጠልም የሚተካ ትንሽ ትርፍ ቢኖር ጥሩ ነው። ለእያንዳንዱ 3 የባትሪ ድንጋይ፣ የግድግዳ ሰዓት ላይ የሚገባው ዓይነት፣ በጠቅላላው 45። ይህንን ሁሉ አንድ ላይ ከአዲስ አበባ ነው የምናስመጣው፤ ዋጋው ስለሚለዋወጥ ገንዘብ ማዋጣት ለሚፈልግ የዕለቱን ዋጋ ከነዝርዝሩ እልክለታለሁ። የአንድ ናኖ ዋጋ ብቻ የቻለ፣ የሁለት ልጅ ሥራ ቻለ ማለት ነው።

ገንዘብ የሌላችሁም አትለፉኝ። ሬዲዮና ሞባይል የምትጠግኑ ወንድሞቻችን፣ የሞቱ ቻርጀሮችንና የተነቀሉ ቦርዶችን አትጣሉብን፤ ልጆቹ ደህናውን ዕቃ ከመንካታቸው በፊት ሊድ (መበየጃውን) ማቅለጥና ዕቃ መንቀል የሚለማመዱት በእነሱ ላይ ነው። ሶልደሪንግ አይረን (ሊድ ማቅለጫ) እና ቴስተር (ኤሌክትሪክ መለኪያ) ለሁለት ወር ማዋስ የምትችሉም እባካችሁ። አናጺዎች፣ በርጩማና ወንበር ስትሠሩ ከሚቀራችሁ እንጨት አንድ አንድ ክንድ የሚሆን ቁራጭ ለእጀታ ስጡን፣ ጅማ ሆነን ፕላስቲክ አንገዛም። አሮጌ ላፕቶፕ፣ ባትሪው ቢሞትም በቻርጀር የሚሠራ ከሆነ ይጠቅመናል፤ ልጆቹ የሚጽፉበት ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ስለሆነ ሌላ ወጪ የለውም። የሊድ ጭስ ስላለ አንድ ቬንትሌተርና የዓይን መከላከያ መነጽርም እንፈልጋለን። በዚህ ላይ አልደራደርም፤ መነጽር ሳይደረግ የጋለ ነገር የሚይዝ ልጅ አይኖርም።

የተገዛው ዕቃ ደረሰኝ ሁሉ ፎቶ ተነስቶ እዚሁ ይለጠፋል። መጫወቻዎቹን ልጆቹ ይወስዷቸዋል፤ መሣሪያው፣ ላፕቶፑና የተረፈው ዕቃ እድሩ ቤት ተቆልፎ ለሚቀጥለው ክረምት ይቆያል። የተዋሰው ለባለቤቱ ይመለሳል።

ትምህርቱ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ስለሚጀምር ዕቃውን እስከ ሐምሌ 15 ማዘዝ አለብን። የምትሰጡትን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ጅማ ውስጥ ላላችሁ ያላችሁበት ድረስ በባጃጅ መጥቼ እወስዳለሁ። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ወደ ጅማ የሚመጣ ሰው ካገኛችሁ ዕቃ ልታስይዙልን ትችላላችሁ፣ ብቻ ቀድማችሁ ንገሩኝ።